ቀይ ቀበሮ ከጮቄ ለምን ጠፋ? ሊመለስስ ይችላል?

የሰናኑ (ጠያቂ)፦
የተወለድሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእረኝነታቸው ዘመን ቀይ ቀበሮ በከብቶቹ መካከል እየተመላለሰ አይጥ ሲያድን ያዩ እንደነበር ያጫውቱን ነበር። እኔ ግን ወደ ተራራው ስንት ጊዜ ወጥቼ አንድም ቀን አላየሁም፤ የማየው ገብስና ድንች የተዘራበትን ተዳፋት ነው። ይህ እንስሳ እንዴት ጠፋብን? ከሌላ ስፍራ አምጥቶ በተራራው ማስፈር አይቻልም ወይ? ጎረቤቶቼ ደግሞ «በጋችንን የሚነጥቀው እርሱ አይደለምን?» ይሉኛልና፣ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። በግ በመንጠቅ የሚታወቀው ተራው ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ ደረቱ ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ በዘሩ ለግራጫው ተኩላ ይቀርባል። አልፎ አልፎ ግልገል በግ ቢነካም፣ ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው።

ኑሮውን ሳስተምር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የአንድ ቤተሰብ አባላት፣ አንዳንዴ ከ10 በላይ አዋቂዎች ሆነው፣ ንጋትና ምሽት ላይ እየተገናኙ ወሰናቸውን በሽንታቸው ምልክት ያደርጋሉ፣ ግልገሎችንም በጋራ ይመግባሉ፤ ለአደን ሲሰማሩ ግን፣ ለአንዲት አይጥ ሁለት አዳኝ ስለማያስፈልግ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይሄዳል። የምትወልደውም በአብዛኛው የቤተሰቡ የበላይ የሆነችው አንዲት እናት ብቻ ናት።

የጮቄው ጥፋት ምክንያትም ከዚሁ ከምግቡ ጋር የተያያዘ ነው። ሣሩ ሲታረስና ሲጋጥ አይጡ ይመናመናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ውርጭ ሜዳ የለመደው ይህ እንስሳ፣ እርሻ ከታች በገፋው ቁጥር ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከተራራው አናት በላይ ግን መሸሻ የለውም። ዛሬ በአገሪቱ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ።

የእንስሳት ሐኪም፦
መምህሩ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ የውሻን ነገር ልጨምር። ከእርሻ ጋር አብሮ ውሻ ይመጣል፣ ከውሻ ጋር ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ። በ2003 እና በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በባሌ ዌብ ሸለቆ በተነሣው ወረርሽኝ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ተሰብስቦ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ አንዱ የታመመ ቤተሰቡን ሁሉ ይበክላል። ከዓመታት ሙከራ በኋላ፣ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018፣ በባሌ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚበላ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ስለ ማስፈር የጠየቁት፣ በጮቄ ዙሪያ ያለው ውሻ ሁሉ በየጊዜው ሳይከተብ ቢሞከር፣ እንስሳቱን ወስዶ ለሞት መስጠት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

የሰናኑ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ገበሬው መሬቱን ትቶ ወዴት ይሂድ? እኛም የምንበላው ከዚያው ተዳፋት ነው።

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ገበሬውን አስነሥቶ ቀበሮ ማስገባት አይገባም። በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝን ጓሳ የሣር ምድር ግን ይመልከቱ። በዚያ ያለው ሕዝብ ለ400 ዓመታት ገደማ ሣሩን በራሱ ሥርዓት ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለግጦሽ እየከፈተ ኖሯል። ሥርዓቱ የተተከለው ለቀበሮ ተብሎ ሳይሆን ለራሱ ለሕዝቡ ጥቅም ነው፤ ቀይ ቀበሮውም እስከ ዛሬ እዚያ አለ። በጮቄም ጅብራው (ረጅሙ የውርጭ ተክል) ካለበት ከፍታ በላይ ያለው ሣር እንዲህ በኅብረተሰቡ ስምምነት ቢከለል፣ ለከብቱ የድርቅ ወራት መኖ፣ ለምንጮቹም ውኃ ይሆናል። አይጡ ሲበዛ ስለ ቀበሮው ያኔ እንነጋገራለን።