ለክረምት ሌሊት አሳ ማጥመጃ የትኛው የግንባር ባትሪ ይሻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወንድሞች። ሐምሌ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ማታ ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ እየወረድን አምባዛ በመንጠቆ ልናጠምድ ነው። ባብዛኛው ከዳር ሆነን ነው፣ አንዳንዴ ግን በታንኳ። እጅ የማይዝ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ገበያ ያሉት ሁሉም «ውሃ አይነካቸውም» ነው የሚባለው። ግማሹ በሪሞት ድንጋይ ይሠራል፣ ግማሹ ቻርጅ ይደረጋል። አንዱ ካርቶን ላይ 10,000 ሉመን ተጽፏል። ምኑን አይቼ ልግዛ?

ጠጋኙ፦
ባለ 10,000ውን ተወው። ያን ያህል ብርሃን ለማውጣት 100 ዋት ግድም ይፈልጋል። አንድ ደህና 18650 የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ የሚይዘው 11 ዋት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ 7 ደቂቃ ሳይሞላ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ግን ሙቀቱ ግንባርህን ይልጠዋል። ለመንጠቆ ሥራ ከ5 እስከ 20 ሉመን፣ ዳሩን ለመቃኘት ከ150 እስከ 200 ሉመን ይበቃል።

ማየት ያለብህ የውሃውን ቁጥር ነው፤ IPX (አይፒኤክስ) ተብሎ የሚጻፈውን፣ ውሃ የመቋቋም ደረጃውን። አይፒኤክስ 4 ማለት ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው፤ ዝናብ ይችላል፣ ሐይቅ ውስጥ መውደቅን ግን አይችልም። አይፒኤክስ 7 ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ላይ 30 ደቂቃ ተነክሮ ውሃ ያላስገባ ነው። ታንኳ ላይ የምትወጣ ከሆነ ከ7 አትውረድ። ቁጥር ሳይኖር «ውሃ አይነካውም» ብቻ ከተጻፈበት እንደሌለ ቁጠረው።

ቁጥሩንም ቢሆን ቤት ሄደህ ፈትነው። ድንጋዮቹን አውጣና በቦታቸው ደረቅ ሶፍት አጣጥፈህ ክተት። ክዳኑን ግጠምና ሳፋ ውሃ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል አጥልቀህ 30 ደቂቃ አቆየው። አውጥተህ ውጪውን በደንብ ካደረቅህ በኋላ ክፈተው። ሶፍቱ ጫፉ እንኳ ከረጠበ ለባለሱቁ መልስለት። (4 የተጻፈበትን እንዲህ አትፈትን፤ ለዚያ አልተሠራምና ሰውየውን ትበድለዋለህ።)

ደምቢያው፦
እኔ የምጨምረው ስለ ቀዩ መብራት ነው። ቀይ የሌለው ባትሪ ለሌሊት አሳ ግማሽ ባትሪ ነው። ዓይን ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ነጩን አንድ ጊዜ ብልጭ ካደረግኸው እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ትንኝም ወደ ቀዩ ብዙ አይመጣም፤ ጣና ዳር በሐምሌ ማታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስትገዛ ቁልፉን ሞክረው፤ ወደ ቀዩ ለመድረስ በነጩ በኩል እንድታልፍ የሚያስገድድህ ከሆነ አይረባም። ቀዩ በራሱ መጀመር አለበት።

መብራቱን ውሃው ላይ አታመላልስ። ዳር ያለው ውሃ ጥልቅ ስላልሆነ አሳው ይሸሻል። አምባዛ ሌሊት ምግቡን የሚፈልገው በሪዙ እየዳሰሰ ነው፤ ያንተ ብርሃን ምንም አይጠቅመውም። ነጩን ለሁለት ነገር ብቻ አስቀምጠው። አንደኛው መንጠቆ ስታወጣለት ነው፤ የጎን ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ጠንካራ ነው፣ እጅ ይወጋል። ሁለተኛው ከመነሳትህ በፊት ደንገሉንና ዳሩን ለመቃኘት ነው። ጣና ውስጥ ጉማሬ አለ፤ ሌሊት ደግሞ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል።

መረብም የምትዘረጉ ከሆነ ከወንዝ አፍ ላይ አትዘርጉ፤ በክረምት ነጭ አሳው ወደ መገጭና ወደ ድርማ ወንዞች እንቁላል ሊጥል የሚወጣው በዚያ በኩል ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሪሞት ድንጋይ ወይስ ቻርጅ የሚደረግ?

ቀዛፊ፦
የሪሞት ድንጋይ። መብራት ሲጠፋ ቻርጅ የሚደረገው ባዶ እጅህን ያስቀርሃል፤ ድንጋዩ ግን ጎርጎራም ሱቅ ይገኛል። ሦስት ድንጋይ በ100 ሉመን 3 ሰዓት ያህል፣ በ20 ሉመን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሰዓት አትመን፤ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ ነው የሚቆጥሩልህ።

አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅል። ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆንና ሌሎቹ በግድ እየገፉት ያፈሳል። ሦስቱን በአንድ ቀን አስገባ፣ በአንድ ቀን አውጣ። ካፈሰሰ ነጩን ዱቄት በሎሚ ወይም በአቼቶ በራሰ ጥጥ ጥረገው፣ ከዚያ ደረቅ አድርገህ ወልውለው።

ጠጋኙ፦
ቀዛፊ፣ ስለ መብራቱ ልክ ነህ፣ ስለ ውሃው ግን አልስማማም። የሪሞት ድንጋይ የሚገባበት ክዳን በየጊዜው ስለሚከፈት በመጀመሪያ ውሃ የሚያስገባው እሱ ነው፤ ያውም በእርጥብ እጅ፣ በጨለማ። 18650 ተነቅሎ የሚቀየርበት ከሆነ ሁለቱም ችግር ይቃለላል፤ ቤት ሁለት ሞልተህ ትሄዳለህ፣ አንዱ በ100 ሉመን 8 ሰዓት ግድም ይይዛል። ድንጋዩ ላይ 9,900 mAh (ሚሊአምፒር ሰዓት፣ የሚይዘው መጠን) የሚል ካየህ ውሸት ነው፤ እውነተኛው 3,500 አካባቢ ነው። ሚዛን ካገኘህ መዝነው፤ ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይሆናል፣ የውሸቱ በጣም ይቀልላል።

የቻርጅ ቀዳዳው የጎማ ክዳን ላላ ካለ አትግዛ። ረጥቦ የገባን ባትሪ የዚያኑ ሌሊት አትሰካ፤ ቀዳዳው ውስጥ ጠብታ ካለ ብረቱ ይበላል። ክዳኑን ከፍተህ ጥላ ውስጥ አሳድረውና ጠዋት ሰካ።

ጠያቂ፦
መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ የሚይዘውስ? ዝናቡ ውስጥስ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ላይ እንዳያበራ ምን ይደረጋል?

ጠጋኙ፦
ጤዛው የሚመጣው የሞቀ ባትሪ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነው። ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በጎማው ቀለበት ጠርዝ ውሃ ይስባል። ስለዚህ በከፍተኛው ሲበራ የቆየን ባትሪ አጥፍተህ ሳይቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ አታጥበው። ቀለበቱን ጥረገውና የሲሊኮን ግሪስ እንደ ቀጭን ፊልም ቀባው፤ ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። ቀለበቱ ላይ አንዲት ፀጉር ካረፈች ያው ውሃ ይገባል።

ደምቢያው፦
ለዝናቡ ባትሪውን ከግንባርህ አውርደህ ደረትህ ላይ አንጠልጥለው። ግንባር ላይ ሲሆን ለዓይን በጣም ስለሚቀርብ ጠብታዎቹ ብርሃኑን ፊትህ ላይ ይመልሱታል፤ ዝቅ ሲል ግን እጅህና ገመዱ ብቻ ይታያሉ። ማሰሪያው ሲርስ ይለጠጥና ይንሸራተታል፤ በአናት ላይ የሚያልፍ ሦስተኛ ጥብጣብ ያለውን ምረጥ። ከሌለው ከብስክሌት ከመነዳሪ ሁለት ጣት ስፋት ቆርጠህ ከውስጥ በኩል ስፋበት፤ ጎማው የዝናብ ልብሱን ቆንጥጦ ይይዛል። ግንባርህ ላይ የምታስረው ከሆነና ካፖርቱ ቆብ ካለው ባትሪውን ከቆቡ በላይ እሰረው። ታንኳ ላይ ከሆንህ ደግሞ ከማሰሪያው እስከ ኮሌታህ ክንድ የምታህል ሲባጎ እሰር፤ አብዛኛው ባትሪ ሲወድቅ ይሰምጣል፣ ደንገል ሥር ከገባ ደግሞ እያበራም አይገኝም።