ያረጀው ቧንቧ መሬት ሳይንቀጠቀጥ ይቀየር? (የግሩፕ ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። መሬት ቢንቀጠቀጥ ስንት የውሃ ቧንቧ እንደሚሰበር በሞዴል ይገመታል። በዚያ ግምት ተነስቶ ያረጀ መስመር ቀድሞ መቀየር ያስኬዳል?

ግብር ከፋይ፦ አያስኬድም። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ላልመጣ ነገር በጀት መጠየቅ ጥንቆላ ነው። ዛሬ የሚያፈሰው ሞልቶ የለ እንዴ?

ባለሒሳቧ፦ ምን ጥንቆላ አለው ወንድሜ? ሃዘስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ ጉዳት መገመቻ ቀመሩ ቀላል ነው። መሬቱ ሲናወጥ የሚደርስበትን ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሴንቲሜትር በሰከንድ፣ ትወስዳለህ። አርቢው 2.25 ነው። ውጤቱን በ0.0001 ስታባዛው በኪሎ ሜትር የሚጠበቀው ጥገና ይመጣል። ፍጥነቱ 50 ከሆነ 0.66 ገደማ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ተሰባሪ ቧንቧ፣ 66 ጥገና ማለት ነው። የሚለመጥ ቧንቧ ከሆነ በ0.3 ይባዛል፤ ወደ 20 ይወርዳል።

ግብር ከፋይ፦ 66ቱ 130 ቢሆንስ? 30ስ ቢሆን?

ባለሒሳቧ፦ ይሆናል። ቀመሩ የተገኘው ካለፉ አደጋዎች የጥገና መዝገብ ነው፣ መረጃው ደግሞ የተበታተነ ነው። እኔ ቁጥሩን አምላኪ አይደለሁም። የቱ ሰፈር ከየቱ እንደሚብስ ካሳየኝ ይበቃኛል።

ዝምተኛው፦ እናንተ እስክትስማሙ በርሜሌን ልሙላ 😄

ባለመፍቻ፦ ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ቦይ ውስጥ ነው። 66 ሲባል ምኑ 66? ሃዘስ ራሱ ይለያል። መሬቱ ከተናወጠ ብቻ አብዛኛው፣ 80 በመቶው፣ ከመገጣጠሚያው ማፍሰስ ነው። መሬቱ ከተንሸራተተ ወይም እርጥብ አሸዋ እንደ ጭቃ ከላላ ግን ይገለበጣል፤ 80 በመቶው ስብራት ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ሰው ያጠጣል። የተበጠሰ ዋና መስመር ግን ማጠራቀሚያውን ባዶ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ መስመሮቹ ተበጣጥሰው እሳት አጥፊው ውሃ አጣ፤ ከተማዋ ለሦስት ቀን ነደደች። በ1995 ጃፓን ውስጥ በኮቤና አካባቢዋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ውሃ አጣ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ወራት ፈጀ።

ግብር ከፋይ፦ ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎም ይቀየር ነው የሚሉት?

ባለመፍቻ፦ አይ፣ ሁሉም አይደለም። አፈሩ የሚላላበት ቦታና ወደ ሆስፒታል የሚሄደው መስመር ይቅደም። ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች በ2011 አፈሩ ሲላላ ፖሊኢትሊን የሚባለው የሚለመጥ ፕላስቲክ ቧንቧ ከሌላው የተሻለ ችሏል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካርታው «ብረት» ያለውን ስቆፍር ተሰባሪውን አስቤስቶስ ሲሚንቶ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ያንን ካርታ ነው ሞዴሉ የሚበላው።

ግብር ከፋይ፦ ይኸው! መጀመሪያ ካርታው ይስተካከል።

ባለሒሳቧ፦ ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ግን አንተ ካርታው እስኪያልቅ አንድም ሜትር አይነካ ልትል ነው። ባለፈው ወር የተበጠሰው ሲጠገን እኮ ዓይነቱን መመዝገብ ይቻል ነበር።

ግብር ከፋይ፦ ለመመዝገቡ እጄን አወጣለሁ። ለመቀየሩ ገና ነኝ።

ባለመፍቻ፦ ከመዘገባችሁ አይቀር ቫልቮቹን ጨምሩ። ግማሾቹ አስፋልት ስር ተቀብረዋል፤ የት እንዳሉ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፣ አንዱ ጡረታ ወጥቷል።