ክሌብሲየላና ኢ ኮላይ አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲቋቋሙ፦ አጋጣሚ ነው ወይስ ይገናኛል?

ጠያቂ (ነርስ)
ሰላም ለሁላችሁ። የገጠመኝ ነገር ግራ አጋብቶኛል። በምሠራበት ክፍል የአንድ ታካሚ የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ሆኖ መጣ። ሴፍትሪያክሶን፣ ጄንታማይሲንና ሜሮፔነም የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች ይቋቋማል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አጠገቡ ከተኛው ታካሚ ደግሞ ኢ ኮላይ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ተገኘ። የሚቋቋማቸው መድኃኒቶች አንድ በአንድ ያው ናቸው። ባልደረቦቼ «ባክቴሪያው ሌላ ነው፣ አይገናኝም» ብለው ዘጉት። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ምን ላድርግ?

የላብራቶሪ ባለሙያ
አልዋጥልኝ ማለትሽ ልክ ነው። ፕላዝሚድን ጠርጥሪ። ከባክቴሪያው ክሮሞዞም ውጪ ያለች፣ ብዙ ጊዜ ቀለበት የምትመስል ዲኤንኤ ናት፤ ራሷን ችላ ትባዛለች። አንዱ ባክቴሪያ ቀጭን ክር ዘርግቶ ሌላውን ወደራሱ ይስባል። ከዚያ ቅጂዋ ይሻገራል፤ ሰጪውም የራሱን አያጣም። ተቀባዩ የሌላ ዝርያ ቢሆንም ችግር የለም። የታካሚ አንጀት ደግሞ ለዚህ ምቹ ቦታ ነው፤ ሁሉም እዚያ ተጠጋግቶ ይኖራል።

ያንቺን የሚመስል ታሪክ አለ። እንደ ሜሮፔነም ያሉትን መድኃኒቶች የሚያከሽፈው ኤንዲኤም-1 የሚባለው ጂን መጀመሪያ የታወቀው በ2008 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ፣ ሕንድ ታክሞ በተመለሰ ሰው ላይ ነው። ሽንቱ ውስጥ ክሌብሲየላ፣ ሰገራው ውስጥ ኢ ኮላይ ነበር። ጂኑ በሁለቱም ላይ ተገኘ፣ ያውም በፕላዝሚድ ላይ።

ፋርማሲስት
አንድ ነገር ልጨምር። ፕላዝሚድን እንደ ቁልፍ ዘለላ አስቢው። ብዙ የመቋቋሚያ ጂኖች አብረው ተንጠልጥለውበታል። ጄንታማይሲን ብቻ ብትሰጪ እንኳ ሜሮፔነምን የሚያከሽፈው ጂንም አብሮ ይተርፋል። መድኃኒት መቀያየር ብቻውን የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሌላ አባል
ፕላዝሚድ ለባክቴሪያው ሸክም አይደል እንዴ? አንቲባዮቲኩ ሲቆም ይጥለዋል ብዬ ነበር።

የላብራቶሪ ባለሙያ
አንዳንዱ ይጥለዋል። ግን በዚህ አትተማመን። ባክቴሪያው በሚውቴሽን (በዲኤንኤ ለውጥ) ሸክሙን ሊላመድ ይችላል። አንዳንዱ ፕላዝሚድማ ተንኮለኛ ነው፤ መርዝና ማርከሻ አብሮ ይሠራል። ማርከሻው ቶሎ ይበላሻል፣ መርዙ ይቆያል። ስለዚህ ፕላዝሚዱን የጣለ ባክቴሪያ በቀረው መርዝ ይታመማል ወይም ይሞታል።

የኢንፌክሽን ቁጥጥር ባለሙያ
እህቴ፣ ዛሬውኑ ላብራቶሪ ደውዪ። ሁለቱንም ባክቴሪያ እንዳይጥሉ ንገሪያቸው። ይህ ከሁሉም ይቀድማል፤ ከተጣለ የሚመረመር ነገር የለም። ከዚያ የካርባፔነሜዝ (እንደ ሜሮፔነም ያሉትን መድኃኒቶች የሚያፈርስ ኢንዛይም) ጂን በፒሲአር፣ ማለትም ጂንን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ ይታይ። የውጤት ወረቀቱ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ጂኑ አንድ መሆኑም አይበቃም፤ አንድ ጂን በተለያየ ፕላዝሚድ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቁርጡን የሚነግራችሁ የፕላዝሚዱ ሙሉ ሲኩዌንስ (የዲኤንኤው ሙሉ ንባብ) ነው።

ውጤት እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ሁለቱን ታካሚዎች ለዩ፣ ጓንትና ጋውን ይኑር፣ እጅ በአልኮል ይጸዳ። የማያስፈልግ ካቴተር (ሰውነት ውስጥ የገባ ቱቦ) ይውጣ። በክፍሉ የተኙትን ሌሎች ታካሚዎች በሬክታል ስዋብ (ከፊንጢጣ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና) መርምሩ፤ ምልክት ሳይኖረው ተሸክሞት የሚዞር ሰው አለ። የእጅ መታጠቢያውንም አትርሱ። የሲንክ ቧንቧ ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ባክቴሪያዎች ተደባልቀው የሚኖሩበት ነው። የተረፈ መድኃኒትና የታካሚ ፈሳሽ እዚያ አይደፋ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ! ደወልኩ። ክሌብሲየላው ፍሪዘር ውስጥ አለ። ኢ ኮላይው ያደገበት ፕሌት (ሳህን) ሊጣል ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አወጡልኝ። ስዋቡን ነገ ጠዋት እንጀምራለን። ሲንኩ ላይ ግን ዛሬም ግሉኮስ ሲደፋ አይቻለሁ።