ክርክር፦ ሜይናርድ መቀጣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?

ጠያቂው፦
ሰላም ቤቶች። ፉቲ (የአውስትራሊያው እግር ኳስ) የማይመቻችሁ እለፉት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የሜልበርን ክለቡን አንገስ ብሬሾው ታስታውሳላችሁ። በ2014 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) 3ኛ ሆኖ የተመረጠ፣ 167 ጨዋታ የተጫወተ፣ በ2021 ዋንጫ ያነሳ ልጅ ነው። በሴፕቴምበር 2023 በሜልበርኑ ስታዲየም በኤምሲጂ ኳሷን መትቶ ሲለቅ የኮሊንግዉዱ ብሬደን ሜይናርድ ሊያግድ ዘለለ። ሲወርድ ትከሻው የብሬሾው ጭንቅላት ላይ አረፈ። ልጁ እዚያው ራሱን ሳተ። በፌብሩዋሪ 2024፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ በሐኪሞች ምክር ጫማውን ሰቀለ። ኮንትራቱ እስከ 2028 ነበር። ሜይናርድ ግን በዲሲፕሊን ችሎት ነጻ ወጣ፣ ከሳምንታት በኋላም ዋንጫ በላ። ይሄ ፍትሕ ነው?

ማግፓይ፦
የኮሊንግዉድ ደጋፊ ነኝ፣ አልደብቅም። ሰውየው ኳስ ሊያግድ ነው የዘለለው። አሰልጣኝ የሚያጨበጭብልህ ነገር ነው። አንዴ አየር ላይ ከወጣህ አቅጣጫ መቀየር የለም። ችሎቱ ፊት የቀረበው ባለሙያም ያስረዳው ይህንኑ ነው። ያላሰበውን ሰው በምን ሒሳብ ትቀጣለህ?

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ አየር ላይ መቀየር ካልቻልክ ከመሬት ከመነሳትህ በፊት አስብ። ሊጉ ራሱ ገብቶት ለ2024 ደንቡን አጠበቀ። አሁን ለማገድ ዘሎ ሰው የጎዳ «አላሰብኩም» ብሎ በቀላሉ አያመልጥም።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦
ልክ ነሽ እህቴ። በ2024 መጀመሪያ የኤሰንደኑ ፒተር ራይት ኳስ ሊቀልብ ወጥቶ የሲድኒውን ሃሪ ከኒንግሃም ገጨው። 4 ጨዋታ ታገደ። እሱም ዓይኑ ኳሷ ላይ ነበር። ሜይናርድ ስድስት ወር ስለቀደመ ብቻ ዳነ። ለልጆቹ ይሄን እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ጨንቆኛል።

ከአዲስ አበባ፦
ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ሄልሜት የሚባል አያውቁም እንዴ?

ነርሷ፦
ብሬሾው ለዓመታት ለስላሳውን ሄልሜት አድርጎ ነው የተጫወተው፣ ከዚያ በፊትም ተደጋግሞ ተመትቶ ስለነበር። ሄልሜት ቆዳን ከመሰንጠቅ ያድናል። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ከመናወጥ ግን አያድንም።

ጋሼ፦
በኛ አገር ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ሽማግሌ ልኮ ጉማ ይከፍላል። ክፉ ነህ ተብሎ አይደለም። የጎደለ ነገር ስላለ ነው። እዚህ ግን ምንም የጎደለ ነገር የሌለ ይመስል ሁሉም «አደጋ ነው» ብሎ ቤቱ ገባ።

ማግፓይ፦
ጋሼ፣ ይሁን፣ ጉማው ይከፈል። ግን ማን ይክፈል? ሜይናርድ ሦስት ጨዋታ ቢቀመጥ ለብሬሾው ምን ይጨምርለታል? ከፋዩ ሊጉ ነው። የቀድሞ ተጫዋቾችም በ2023 በጂሎንጉ ማክስ ሩክ መሪነት የከሰሱት ሊጉን ነው።

ነርሷ፦
እዚህ ላይ ተስማማን። የሪችመንዱ ሼን ተክ በ2020፣ በ38 ዓመቱ ነው ያለፈው። አንጎሉ ሲመረመር ከባድ ሲቲኢ ተገኘ፣ ተደጋጋሚ ምት የሚያመጣው የአንጎል ጉዳት። ይህ በሽታ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የአሟሟት መርማሪው ዳኛ በ2023 መጨረሻ ምን አሉ? በልምምድ ላይ ያለውን ግጭት ቀንሱ። ልብ በሉ፣ በልምምድ! እናንተ በቴሌቪዥን ስለታየች አንዲት ምት ትጣላላችሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ካሜራ በሌለበት የሚቆጠረውን ማን ያየዋል?

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦
እኔ ከዚህ ወዲያ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው ግጭት የማስለምደው። አንዳንድ አባቶች «ልጄን አለሰለስከው» ይሉኛል። ይበሉ።

ጠያቂው፦
እኔ ሁለቱም ይጠየቁ ባይ ነኝ። ሊጉ ይክፈል፣ ሜይናርድም ሦስት ጨዋታ ይቀመጥ ነበር።

ማግፓይ፦
ሦስት ጨዋታ ማለት እኮ ፍጻሜው ያመልጠዋል ማለት ነው! ብሪዝበንን ያሸነፍነው በ4 ነጥብ ነው!

ጠያቂው፦
ተያዝክ። ቅድም ጀምሮ ስትከራከር የነበረው ለፍትሕ ሳይሆን ለዋንጫው ነው።