«ማንም እጁን ይዞ አላስገባውም»?

የሌሊት ሽፍት (ላስ ቬጋስ)፦ ቅዳሜ አብረን ባየነው የዘ ትዋይላይት ዞን (የድሮ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ) ክፍል ላይ ጎፋ የጻፈው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ላላያችሁ ባጭሩ፦ ክፍሉ «ዘ ፊቨር» (ትኩሳቱ) ይባላል፤ በጥር 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የታየ፣ ሮድ ሰርሊንግ የጻፈው። ፍራንክሊን ጊብስ የሚባል፣ ቁማር ሲነሳበት ፊቱ የሚጠቁር ሰውዬ፣ ሚስቱ ፍሎራ በውድድር ባሸነፈችው ነጻ ጉዞ ላስ ቬጋስ ይመጣል። እዚያ አንድ የቁማር ማሽን ሌሊት ስሙን እየጠራ ይስበዋል። ያለውን ሁሉ ይበላዋል። መጨረሻ ላይ መኝታ ክፍሉ ድረስ ይከተለውና ሰውዬው ከመስኮት ወድቆ ይሞታል። ጎፋ ይህን ሁሉ አይቶ የጻፈው ይኼን ነው፦ «ማንም እጁን ይዞ አላስገባውም። ሰይጣን የሰነፍ ሰበብ ነው።» ከስሩ ደግሞ የጭብጨባው መዓት! ጎፋ፣ ወንድሜ፣ መልሰህ እየው። እጁን ይዞ ያስገባው ሰው አለ።

ጎፋ፦ የታለ? ሚስቱ ናት እንዳትለኝ ብቻ።

መርካቶ፦ እኔ እለዋለሁ። ጉዞውን ያሸነፈችው እሷ፣ ና እንሂድ ያለችው እሷ። ቤቱ ተቀምጦ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የሌሊት ሽፍት፦ መርካቶ ቆይ፣ ነገር አታደባልቅ። ሰካራሙን ነው የምለው። እነ ፍራንክሊን አዳራሹ ውስጥ ቆመው ሳለ አንድ የሰከረ ሰው የብር ዶላር ያስጨብጠዋል። አልፈልግም ሲለው እየጎተተ ማሽኑ ፊት ያቆመዋል፤ ሳንቲሙን አስከትቶ እጀታውን ያስጎትተዋል። ሰርሊንግ ይህን ሰው ያለ ምክንያት አላስገባውም። እጁን ተይዞ ነው የገባው፤ በቃላቸው ሳይሆን በዓይናችን ነው ያየነው።

ጎፋ፦ እሺ፣ የመጀመሪያዋን ዶላር ሰካራሙ ሰጠው። ሁለተኛዋንስ?

የሌሊት ሽፍት፦ ሁለተኛዋን ማሽኑ ሰጠው። በዚያችው ጉተታ አሸነፈ እኮ! ሳንቲሙ ተንሿሾ ወረደለት። ከዚያ ምን አለ? የቁማር ገንዘብ ንጹሕ አይደለም፣ ኪሴ አይገባም፣ ወስጄ እዚያው እመልሰዋለሁ። በዚህ ሐሳብ ነው ሌሊት ተነስቶ የወጣው። ሊመልስ! በመልካምነቱ በኩል ነው የተያዘው። አንተ «ሰነፍ» የምትለው ሰው ይህ ነው።

የእናቷ ልጅ፦ መርካቶ ላለው ነገር ማንም መልስ አልሰጠም፣ እኔ ልስጥ። ፍሎራ ሌሊቱን ሙሉ ስትለምነው አላየህም? በቃህ፣ ተነስ፣ እንሂድ ስትለው? እሱ ግን በሰው ፊት ሲጮህባት አየን። ሰው ራሱ ወድቆ ሚስቱን መውቀስ የእኛ ቤት የዱሮ ልማድ ነው። አባቴ ኮንከር ተጫውቶ ደሞዙን ሲጨርስ እናቴ ናት «ቤቱን ያላሞቀችው» የተባለችው። ያን ወሬ ጎረቤት ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚህ ግሩፕ ላይ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም።

መርካቶ፦ እኔ አባትሽን አላነሳሁም እህቴ።

የእናቷ ልጅ፦ አንስተሃል። ሳታውቀው አንስተሃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወደ ክፍሉ እንመለስ እባካችሁ። ትልቁ ጥያቄ ማሽኑ በእውነት ተከትሎታል ወይስ አእምሮው ነው የፈጠረው የሚለው ነው። ፍሎራ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆና ምንም አላየችም። ጎፋ ይህን ይዞ «ቅዠት ነው፣ ጥፋቱ የራሱ ነው» ሊል ይችላል። ግን የመጨረሻውን ትዕይንት አስታውሱ። ሰውዬው መሬት ላይ ወድቆ ሳለ አንዲት የብር ዶላር እየተንከባለለች መጥታ እጁ አጠገብ ትቆማለች፤ ካሜራው ዞር ሲል ማሽኑ ቆሟል። ያን ጊዜ እኮ ፍራንክሊን ሞቷል! የሞተ ሰው አይቃዥም። ያቺን ሳንቲም የሚያሳየን ደራሲው ነው።

ጎፋ፦ ደራሲው ማስፈራራት ሥራው ነው፤ እኔ የምኖረው ሰፈር ውስጥ ግን የሚንከባለል ማሽን የለም። በእግሩ ሄዶ፣ በር ከፍቶ፣ መታወቂያ አሳይቶ፣ ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥ ወጣት ነው ያለው። ለዚያ ወጣት «ሰይጣን ነው የጠራህ» ስትለው ደስ ይለዋል። የምቃወመው ይህን ነው። ነጻ ፈቃድ አለን ብለን አምነን ያደግን ሰዎች ነን።

የሌሊት ሽፍት፦ ስም መጥራቱን እንደ ተረት አየኸው አይደል? ካዚኖ ውስጥ ስሠራ የማየውን ልንገርህ። አሁን ስትሪፕ (የላስ ቬጋስ የካዚኖ ጎዳና) ላይ ያለ ማንኛውም ካዚኖ ገብተህ የተጫዋች ካርድ ታወጣለህ። ነጻ ነው፣ ስምህንና የልደት ቀንህን ሰጥተህ። ካርዱን ማሽኑ ላይ ስትሰካው ትንሿ ስክሪን ስምህን ጽፋ እንኳን ደህና መጣህ ትልሃለች። ስንት እንዳስገባህ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥክ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደምትጫን ሁሉ ይመዘገባል። በ1960 እ.ኤ.አ. ሰርሊንግ ሰይጣናዊ አድርጎ የጻፈው ነገር ዛሬ የማሽኑ ተራ ሥራ ነው። ይጠራሃል። በስምህ።

አንዲት ሴትዮ አለች፣ ከእኛ አገር አይደለችም፣ እድሜዋ ከእናቴ አይርቅም። ካርዷ እንዳይጠፋባት እንደ ድሮ ስልክ ገመድ በተጠመጠመ ቀጭን ላስቲክ ከሹራቧ ቁልፍ ጋር ታስረዋለች። አንዱ ጫፍ ማሽኑ ውስጥ፣ አንዱ ጫፍ ሆዷ ላይ። ለመነሳት ስትሞክር ገመዱ ይወጠርና መልሶ ያስቀምጣታል። ያዘዘችው ቡና ሳይነካ ቀዝቅዞ ከላዩ ቆዳ ሠርቶበታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሳልፍ አየኋት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሽፍቴን ጨርሼ ስወጣም እዚያው ናት፣ ቡናውም እዚያው ነው። እናቴ በልጅነቴ «ሌሊት ስምህን ሲጠሩህ ቶሎ አቤት አትበል» ትለኝ ነበር። ያን ሌሊት ነው ትርጉሙ የገባኝ።

ጎፋ፦ እንጀራህንስ ከማን ነው የምትበላው? ከዚያችው ሴትዮ ገመድ አይደለም? ሌሊት ስም የሚጠራው ካዚኖ ጅብ ከሆነ አንተ ምንድን ነህ?

የሌሊት ሽፍት፦ ልክ ነህ፣ ከዚያ ነው የምበላው። ሁለት ልጆች አሉኝ። የቤት ኪራይ፣ የታመመች እህት አዲስ አበባ። ከእኛ ልጆች ስንቱ በዚሁ ሥራ እንደሚያድር እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ስለምበላበትም ነው የምናገረው፤ ከውጭ ሆኖ «ማንም አላስገደደውም» ማለት ቀላል ነው።

ጋሼ ሒሳብ፦ ልጆች፣ እኔ ለ30 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሰይጣኑን ለካህናት ትቼ ቁጥሩን ልናገር። የፍራንክሊን ዘመን ማሽን ምልክት የተሳለበት ሦስት የሚዞር ጎማ ነበረው። በእያንዳንዱ ላይ 20 ምልክት ቢኖር፣ 20 በ20 በ20 ሲባዛ 8,000 አቀማመጥ ይሆናል። ዋናው ሽልማት በአንዱ ላይ ብቻ ቢሆን ዕድሉ ከ8,000 አንድ ነው። ይህ ቢያንስ ተጫዋቹ በዓይኑ ሊቆጥረው የሚችል ነገር ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ግን ኢንጌ ቴልነስ የተባለ ሰው በአሜሪካ አንድ ፓተንት (የፈጠራ መብት) አስመዘገበ። ጎማው የሚቆምበትን ቦታ ኮምፒውተር በዕጣ ቁጥር ይወስናል፤ ጎማው ውጤቱን ለማሳየት ብቻ ይዞራል። ለሽልማቱ ምልክት አንድ ቁጥር፣ ከበላዩና ከበታቹ ላለው ባዶ ቦታ ብዙ ቁጥር መስጠት ይቻላል። ስለዚህ ዓይንህ «ለጥቂት አመለጠኝ» ይላል፤ ቁጥሩ ግን አጠገቡም አልደረሰም። አሁን ጎፋን ልጠይቅ፦ ዓይኑን እያታለሉት የሚወስን ሰው ነጻ ፈቃዱ ምን ያህል ነው?

ጎፋ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ነው የምመልሰው። ቢያታልሉትም ከስንት ሽንፈት በኋላ ሊነቃ አይገባውም? አሥር ጊዜ፣ መቶ ጊዜ?

ጋሼ ሒሳብ፦ ሁልጊዜ ቢሸነፍማ ይነቃ ነበር። የኔቫዳ ደንብ ማሽኑ በረጅም ጊዜ ከገባው ቢያንስ 75 በመቶ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ ብዙው ከዚያ በላይ ይመልሳል። 90 መለሰ እንበል። በአንድ ሰዓት 600 ጊዜ፣ በየጊዜው 1 ዶላር ብትጫን 600 ዶላር አስገብተህ ወደ 540 ይመለስልሃል። እጅህ ውስጥ ሁልጊዜ ገንዘብ አለ። ስኪነር የተባለው የሥነ ልቦና ሰው በእንስሳት ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ ያላወቀች እርግብ መንቆሯን ቶሎ አትተውም። እሱ ራሱ ከቁማር ማሽን ጋር አመሳስሎታል።

መርካቶ፦ ሰው እርግብ ሆነ እንግዲህ።

የእናቷ ልጅ፦ ነርስ ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የቁማርን ነገር በ1980 እ.ኤ.አ. ነው በበሽታ መዝገቡ ያስገባው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀመጠው። ሰርሊንግ የክፍሉን ስም ትኩሳት ያለው ከ20 ዓመት ቀድሞ ነው። ትኩሳት የያዘውን ሰው ሰነፍ አንለውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ በዚያው በ1960 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ የወጣውን «ኤ ናይስ ፕሌስ ቱ ቪዚት» የሚለውን የዘ ትዋይላይት ዞን ክፍልም እዩት። ሮኪ ቫለንታይን የሚባል ሌባ ፖሊስ ይገድለውና ነጭ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ይቀበለዋል። ካዚኖ ይወስደዋል። በተጫወተ ቁጥር ያሸንፋል፤ አንድም ጊዜ አይሸነፍም። አንድ ወር ሲሆነው ይሰለቸውና ገነት ለእኔ አይሆንም፣ ወደዚያኛው ቦታ ውሰደኝ ይላል። ሰውዬው ይስቅበታል፤ ያለኸው እኮ እዚያው ነው ይለዋል። ስለዚህ ክፋቱ መበላቱ ላይ አይደለም፤ አዳራሹ ራሱ ላይ ነው።

መርካቶ፦ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሰው ምን ሲኦል አለው? እኔን ይውሰዱኝ።

ከዱባይ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ስልክ የማገኘው ማታ ብቻ ነው። ለወንድሜ ባጃጅ እንዲገዛ የሁለት ዓመት ደሞዜን በየወሩ ላኩለት። ካዚኖ አልገባም፣ ማሽንም አልጎተተም። ሰፈራችን ካለ የኳስ ውርርድ ቤት ነው የጀመረው፤ በኋላ ስልኩ ላይ ሆነ፣ ተኝቶም ይቆርጣል። ደውዬ ገንዘቡ የት አለ ስለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ተበላሁ» አለኝ። አንድ ቃል ብቻ። ስልኩን ሳልዘጋው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጎፋ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከልቤ ነው። ግን ቃሉን ተመልከቺው። ሲያሸንፍ «በላሁ» ይላል፣ በላተኛው እሱ ነው። ሲሸነፍ «ተበላሁ»፤ ያን ጊዜ በላተኛው ሌላ ነው። የአንቺን ላብ ያጠፋው እሱ ሆኖ ሳለ አንድም ጊዜ «አጠፋሁ» አላለሽም። ቋንቋችን ራሱ ማምለጫ በር ከፍቶለታል።

ጋሼ ሒሳብ፦ ቋንቋው እውነቱን ነው የተናገረው። ቁማር በላ፣ ተበላ የሚባለው ከአያቶቻችን ጀምሮ ነው። የሚበላ ነገር እንዳለ ያውቁ ነበር።

ጎፋ፦ አያቶቻችን ቁማርተኛን ሽማግሌ ፊት ያቀርቡም ነበር ጋሼ። ማሽን አላቀረቡም።

የሌሊት ሽፍት፦ ቢኖርማ ያቀርቡት ነበር።

ከዱባይ፦ ወንድሜ ሰነፍ አይደለም። አባታችን ሲሞት በ14 ዓመቱ ሊስትሮ ሠርቶ እኔን ትምህርት ቤት የላከ ልጅ ነው። ጎፋ፣ አንተ ስለማታውቀው ነው። «ሰነፍ» የምትለውን ቃል አንሳልኝ።

ጎፋ፦ ስለ እሱ አላልኩትም፤ ለእሱ ከሆነ አነሳዋለሁ። «ማንም እጁን ይዞ አላስገባውም» ያልኩትን ግን አላነሳም።

የእናቷ ልጅ፦ ለአንዱ ካነሳኸው ለሁሉም አንሳው። የሁሉም እህት እዚህ ግሩፕ ላይ የለችም።

ጎፋ፦ የሌሊት ሽፍት ይመልስልኝ። አንዲቱን ሰካራሙ፣ ሁለተኛዋን ማሽኑ ሰጠው። ገንዘቡ ሲያልቅ ቼክ እየጻፈ መነዘረ አይደል? ቼኩንስ ማን አስያዘው?

የሌሊት ሽፍት፦ ሌሊት ላይ ቼክ የሚመነዝር ሰው ለምን ተቀመጠ? ባንክ ተዘግቷል፣ የእነሱ መስኮት ግን ክፍት ነው። ቤቱ ነው የመነዘረለት፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ሲወርድ እያየ፣ ሳንቲም አድርጎ ቆጥሮ ሰጠው። ሽፍቴ ደርሷል፣ ልገባ ነው።

ጎፋ፦ ፊርማው ግን የራሱ ነው።