ለባንክ ቦርድ መወዳደር የምትፈልግ ሴት ከየት ትጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የግል ባንክ አክሲዮን አለኝ። ሙያዬ ኦዲት ነው፤ እንጀራዬ የሒሳብ ምርመራ ነው። ኅዳር ላይ በሚደረገው ጉባኤ ለዳይሬክተሮች ቦርድ መወዳደር አስቤያለሁ። የጥቆማ ቅጽ ልወስድ ስሄድ የአክሲዮን ክፍሉ ሠራተኛ "ለባለቤትሽ ነው?" አለኝ። "ለራሴ" ስለው ቅጹን እንደያዘ ትንሽ ቆየና ሰጠኝ። ልጁ ክፋት የለበትም። ግን ሴት ለራሷ ስትጠይቅ አይቶ እንደማያውቅ ፊቱ ይናገር ነበር፤ እሱ ነው የከነከነኝ።

አምና አዳራሹ ውስጥ ሴት ሞልቶ ነበር። የሚያስፈርሙት ሴቶች፣ ሪፖርት የሚያድሉት ሴቶች፣ ከባለአክሲዮኖቹም ብዙ ሴቶች። መድረኩ ላይ ግን አንዲት ሴት ብቻ። እሷም የቦርዱ ፀሐፊ ናት፤ ድምፅ የላትም። "ብቁ ሴት ጠፍታ ነው" የሚለውን በፍጹም አልቀበልም። ድምፁ የት ነው የሚሰበሰበው? የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ 1፦ እህቴ፣ አስመራጭ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ነገሩ የሚያልቀው ከአዳራሹ በፊት ነው። የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን አክሲዮን ነው፤ ቀድሞ ውክልና የሰበሰበ ያሸንፋል። ነጋዴዎቹ በስልክና በምሳ ግብዣ ይጨርሱታል። ደግሞ በጋራ ገንዘብ የተገዛ ስንት አክሲዮን በባል ስም ብቻ ተመዝግቧል! በቤተሰብ ሕጉ የጋራ ሀብት ነው፤ ጉባኤ ላይ ግን ድምፅ የሚሰጠው ስሙ መዝገብ ላይ ያለው ነው። የምታውቂያቸውን ሴቶች አክሲዮናቸው በማን ስም እንደሆነ ጠይቂ። ትንንሽ ባለአክሲዮኖች ለብቻቸው የሚጠቁሙባቸው መቀመጫዎችም አሉ። በዚያ በኩል ግቢ።

መልስ 2፦ እኔ ኦስሎ ነኝ። ኖርዌይ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ በትልልቅ አክሲዮን ማኅበራት ቦርድ ውስጥ ከየፆታው ቢያንስ 40 በመቶ እንዲኖር አዘዘች። ያላሟላ እስከ መፍረስ ይደርሳል። ያኔም "ሴት ከየት ይመጣል?" ተብሎ ነበር። በ2008 መቀመጫው ሞላ። የዋና ሥራ አስኪያጅነቱ ወንበር ግን አሁንም በአብዛኛው የወንድ ነው።

መልስ 3፦ እናት ባንክን ተመልከቺ። በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አብዛኞቹ ባለአክሲዮኖች ሴቶች ነበሩ፤ ቦርዱንም ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ መርተውታል። አክሲዮኑ በሴቶች እጅ ስለነበር ማንንም መለመን አላስፈለገም።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ከአክስቶቼና ከዕቁባችን ሴቶች እጀምራለሁ። ውክልናው ውልና ማስረጃ መሄድ አለበት?

መልስ 1፦ ብዙ ባንኮች ከጉባኤው ቀናት ቀደም ብለው ዋናው መሥሪያ ቤት ቅጽ ያስሞላሉ። የጥሪ ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ቀነ ገደቡን እይ። ክፍለ ሀገር ያሉት ግን ባሉበት ያረጋግጡና ዋናውን ሰነድ ይላኩልሽ፤ ኮፒ ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ።