ከኮምቦልቻ ሆኖ የፌዴራል ጨረታ፦ ከየት ይጀመራል?

ቦርከና
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ የብረትና የእንጨት ዕቃ እናመርታለን፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሎከር። ደንበኞቻችን ሆቴሎችና የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ አሁን ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ማቅረብ እንፈልጋለን። ንግድ ፈቃድ፣ ቲንና ቫት አለን። ብሮሹር አሳትመን በየቢሮው እንዙር ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ዋጋስ ስንሰጥ ምን ምን እናስብ?

ጦሳ ሥር
ብሮሹሩ ይቆያችሁ። የግዥ ክፍል ዕቃችሁን ስለወደደው ብቻ ሊገዛችሁ አይችልም። መጀመሪያ በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት (ኢጂፒ) ላይ በአቅራቢነት ተመዝገቡ። የንግድ ፈቃዳችሁ ዘርፍ ከምትወዳደሩበት ዕቃ ጋር ይግጠም፤ ፈቃዱ ይታደስ፤ የግብር ክሊራንሱም ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። ብዙ ሰው ዋጋው ሳይታይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ዒላማችሁ ቅርብ ይሁን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። ከአዲስ አበባ ጭኖ የሚመጣ ተወዳዳሪ የመኪና ኪራይ ዋጋው ላይ ይጨምራል፣ እናንተ አትጨምሩም። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዓመታዊ የግዥ ዕቅዱን ያኔ ጠይቁ። ማስታወቂያ ሲወጣ መሯሯጥ ከጀመራችሁ ናሙና ለማዘጋጀት እንኳን ቀን አይበቃችሁም።

ሐረጎ
የዋጋውን ነገር በቁጥር እንየው። 400 ወንበር በ5,000 ብር፣ ከቫት በፊት 2,000,000 ነው። ካሸነፋችሁ የውል ማስከበሪያ ብዙ ጊዜ 10% ይጠየቃል፤ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ከሆነ 200,000 ብር ታሰረ ማለት ነው። ክፍያው ዕቃው ተመርምሮ ገቢ ሆኖ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከተቆረጠ በኋላ ነው። እስከዚያ ብረቱም ደመወዙም ከኪሳችሁ ይወጣል፤ የብድር ወለዱን ዋጋው ውስጥ አስገቡት። ቅድመ ክፍያ እስከ 30% መጠየቅ ይቻላል፣ ግን በዚያው መጠን ዋስትና ታስይዛላችሁ። መዘግየትም ያስቀጣል፤ በተለመደው ውል ካልቀረበው ዕቃ ዋጋ ላይ በቀን ከሺህ አንድ። ምንም ሳታስረክቡ 20 ቀን ካለፈ 40,000 ብር ሄደ።

ስፔሲፊኬሽኑ ካሬ ቱቦ 1.5 ሚሊ ሜትር ካለ በ1.2 አትሥሩ። ቀለም ሲቀባ አይለይም፣ የርክክብ ኮሚቴው ግን ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ የቱቦውን ጫፍ ይለካል። ከተመለሰ ደግሞ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ የለም፤ ለቀጣዩ ጨረታ ዋናው ማስታወቂያችሁ ያ ደብዳቤ ነው።

ቦርከና
እናመሰግናለን። የጨረታ ማስከበሪያውስ? ከኢንሹራንስ ብናመጣ ይቀበላሉ?

ጦሳ ሥር
ሰነዱ የትኛውን ዓይነት እንደሚቀበል አንብቡ። ከኢንሹራንስ ከሆነ «ያለ ቅድመ ሁኔታ» የሚል ካልተጻፈበት ሊጥሉት ይችላሉ። የዋስትናው ጊዜም የመወዳደሪያ ሐሳቡ ከሚጸናበት ቀን በ28 ቀን ይለፍ። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጃችሁ ከሆነ ያደራጃችሁ ጽሕፈት ቤት የሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤ ሊተካው ይችላል፤ የጨረታው ቁጥር በደብዳቤው ላይ መስፈሩን አረጋግጡ።

ሐረጎ
አንድ ነገር ልጨምር። የነጠላ ዋጋና ድምሩ ከተጋጨ የሚያዘው ነጠላ ዋጋው ነው። 5,000 ለማለት 500 ብላችሁ ከሞላችሁ የ400ው ወንበር ድምር 200,000 ሆኖ ሊታረም ይችላል። ዋጋውን አንድ ሰው ይሙላ፣ ሌላ ሰው ከወረቀት ጋር ያመሳክር። መዝጊያ ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ አጣሩ፤ ሰነዱንም ከዋዜማው ኢጂፒ ላይ ጫኑት፣ መብራትና ኔትወርክ አይታመንም።